«ትንቢቱን ረዳች» ስለ ተባለችው ርብቃ

የሐዋሳው፦ ባለፈው እሑድ ሰባኪው «ርብቃ አላታለለችም፤ ትንቢቱን ረዳች» ማለቱ እስካሁን ይከነክነኛል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 27 ዓይኑ ለፈዘዘ ባሏ ለይስሐቅ በሁለት ጠቦት የሚወደውን መብል ሠርታ፣ የጠቦቶቹን ቆዳ በታናሹ ልጇ በያዕቆብ እጅና አንገት ላይ ጠቅልላ፣ የታላቁን የዔሳውንም ልብስ አልብሳ፣ የዔሳውን በረከት እንዲወስድ የላከች ሴት ካላታለለች፣ ማታለል የሚባለው ምን ሊሆን ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ቆዳውን ሲያነሡ ቃሏን ለምን ዘለሉት? ያዕቆብ መርገምን ሲፈራ «መርገምህ በእኔ ላይ ይሁን» ያለችው እርሷ ናት። «ታላቁ ለታናሹ ይገዛል» የሚለውንም ትንቢት ገና ነፍሰ ጡር ሳለች የሰማችው እርሷ ናት። ብኵርናውን በምስር ወጥ የሸጠ ልጅ ሊመረቅ ሲል ዝም ብላ ታይ ኖሯል?

የሐዋሳው፦ ዝምታውንማ ቀድሞም አብዝታዋለች። የሰማችውን ለይስሐቅ እንደ ነገረችው የሚገልጽ አንድም ቁጥር የለም። መካን በነበረች ጊዜ የጸለየላት፣ መንትዮቹ ሲወለዱም 60 ዓመት የሞላው ባሏ ይህን መስማት አይገባውም ነበር?

የሦስት ልጆች እናት፦ አለመጻፉ አለመንገሯን አያረጋግጥም።

የአብነት ተማሪ፦ ምዕራፍ 28ን ሁለታችሁም ተዋችሁት። በዚያ ይስሐቅ የሚባርከው ማን እንደ ሆነ እያወቀ የአብርሃምን በረከት ለያዕቆብ ይሰጣል። ያለ ቆዳው ሊደርሰው የሚችል ከሆነ፣ «ረዳች» የሚለው ቃል የሚቆምበት መሠረት የለውም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ይስሐቅ እጅግ የተንቀጠቀጠውና «የተባረከም ይሆናል» ያለው በምዕራፍ 27 ነው። ያ መንቀጥቀጥ ባይቀድም ኖሮ ምዕራፍ 28 ይመጣ እንደ ነበር በምን አወቁ?

የሐዋሳው፦ እኔ አሁንም «ረዳች» ከሚለው አልወጣሁም። ከዔሳው ቁጣ ልታድነው ወደ ካራን ስትልከው «ጥቂት ቀን» ብላው ነበር፤ ጥቂቱ ቀን 20 ዓመት ሆነ። ሲመለስ እንዳየችው አልተጻፈም። የሞግዚቷ የዲቦራ ሞት ሲተረክ የእርሷ አልተተረከም፤ መቃብሯን እንኳ የምንሰማው ያዕቆብ በግብፅ ሊሞት ሲል ከአፉ ነው። ያዕቆብንም ልጆቹ በፍየል ደም በተነከረ ቀሚስ አታለሉት። ይህ የእርዳታ ፍሬ ነውን?

የሦስት ልጆች እናት፦ ቅጣት መሆኑን መጽሐፉ አልተናገረም፤ የጨመሩት እርስዎ ነዎት። «በእኔ ላይ ይሁን» ብላ የላከችውን ልጅ ዳግመኛ ሳታይ ከሞተች፣ እኔ የማነበው የገባችውን ቃል እስከ መጨረሻው እንደ ከፈለች ነው።

የአብነት ተማሪ፦ መክፈሏን ካመኑ ግን ዕዳ እንደ ነበረባት አምነዋል።