የድህነት መስመር በካውንቲ ይለያይ ወይስ ለሁሉም አንድ ይሁን?

የነርስ ረዳቷ፦
ጥያቄውን እኔ ልክፈት፣ ሁላችሁም የመሰላችሁን ተናገሩ። ቁጥሮቼ የ2025 ናቸው። በአሜሪካ ማን ድሃ እንደሆነና ማን እርዳታ እንደሚገባው የሚወስነው መስመር፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር፣ በሁሉም ካውንቲ፣ ማለትም በክፍለ ግዛት ሥር ባለው አስተዳደር ሁሉ፣ አንድ ነው። በ2025 ለሦስት ሰው ቤተሰብ 26,650 ዶላር ነበር። እኔ የምኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሜሪላንድም 26,650። ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ሥር ያለ ካውንቲም 26,650። እኔ ይሄ ልክ አይደለም እላለሁ። መስመሩ በየካውንቲው ኑሮ መጠን መውጣት አለበት።

ከራሴ ልነሳ። ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ። በካውንቲያችን ሕግ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 51 ሰውና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ የሚከፍለው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 17.65 ነው፣ እኔም የማገኘው እሷኑ ነው። ሙሉ ሰዓት ሠርቼ በዓመት 36,712 ዶላር። ሜዲኬይድ፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለአዋቂ ጣሪያው የመስመሩ 138 በመቶ ነው፣ ለእኛ ቤት በ2025 መስመር ሲሰላ 36,777። 65 ዶላር ናት ልዩነቱ! በሰዓት አራት ሳንቲም ቢጨመርልኝ አልፌ ወጣሁ ማለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኦቨርታይም ግቢ ብለውኝ እምቢ ያልኩት ሥራ ጠልቼ አይደለም። በዚህ ካውንቲ ኪራይ ከፍሎ የሚኖር ሰው ይህ ገቢ ከድህነት እንደማያወጣ ያውቃል፤ ወረቀቱ ግን ድሃ አይደለሽም ይለኛል።

ትራክ ሹፌሩ፦
እህቴ፣ ችግርሽ ገብቶኛል፤ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። መፍትሔሽ ላይ ግን አልስማማም፣ ምክንያቱም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ካንቺ የባሰ ድሃ ላይ ነው።

ዌስት ቨርጂኒያ ስላልሽ እዚያው ልውሰድሽ። ማክዶዌል ካውንቲ የሚባል አለ፣ በዚያ በኩል ጭነት ይዤ አልፋለሁ። በ1950 ወደ 99 ሺህ ሰው ይኖርበት ነበር። በ2020 ቆጠራ 19 ሺህ ብቻ ቀረ። ከሰሉን ማሽን መቆፈር ጀመረ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ፣ ወጣቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። በ1961 ፉድ ስታምፕ፣ የምግብ መግዣ እርዳታው፣ በሙከራ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች የዚያ ካውንቲ ቤተሰብ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ዎልማርቱ ሳይቀር ዘጋ፣ ከሱ ጋር ስንት ሰው ሥራ እንዳጣ አስቢው።

ኪራይ እዚያ ርካሽ ነው፣ አልክድም። ግን ለምን ረከሰ? ሰው ስለሸሸው ነው። ሥራ የለም፣ ስፔሻሊስት ሐኪም ለማየት በተራራ መንገድ ብዙ ሰዓት ይነዳል፣ መኪናህ ከተበላሸ ቤትህ ተቀምጠህ ትቀራለህ። ከኪራይ የተረፈውን ቤንዚን ይበላዋል። አሁን መስመሩን በኪራይ ካወጣሽው የነሱ ይወርዳል። አንድ ሰው እንኳ አምስት ሳንቲም ሳይጨመርለት፣ በማግሥቱ «ማክዶዌል ውስጥ ድህነት ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል። ይሄን እኔ አልቀበልም።

ተመራቂ ተማሪው፦
ሁለታችሁም የነካችሁት ነገር በጥናትም በደንብ የተከራከሩበት ነው። መስመሩን ያወጣችው ሞሊ ኦርሻንስኪ ናት፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1955 የተሠራ ጥናት ቤተሰብ ከገቢው ሲሶውን ለምግብ እንደሚያወጣ ስላሳየ፣ የርካሽ ምግብ ወጪን በሦስት አባዛችው። በቃ፣ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በዋጋ ንረት ልክ ከፍ ይደረጋል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ዛሬ ከአሜሪካ ቤተሰብ ወጪ ሲሶውን የሚወስደው ግን ምግብ ሳይሆን ቤት ነው። የቤት ዋጋ ደግሞ ከካውንቲ ካውንቲ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል፤ ስለዚህ የነርስ ረዳቷ መነሻ ትክክል ነው።

በ1995 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ ቡድን መስመሩ የቤት ዋጋን እንዲያይ መክሮ ነበር። በዚያ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ከ2011 ጀምሮ ሁለተኛ መለኪያ በየዓመቱ ይወጣል። በሱ ሲታይ ካሊፎርኒያ ውስጥ ድህነት ከኦፊሴላዊው ይጨምራል፣ ዌስት ቨርጂኒያ ይቀንሳል። ሹፌሩ የፈራው ነገር በቁጥር ታይቷል ማለት ነው። እርዳታ ግን በዚህ መለኪያ አይሰጥም፣ ለስታቲስቲክስ ብቻ ነው።

እኔን በካውንቲ ደረጃ የሚያሰጋኝ የመረጃው ጥራት ነው። ሕዝቡ ከ65 ሺህ በታች ለሆነ ካውንቲ በቆጠራ ቢሮው ትልቁ ዳሰሳ መደበኛው የአንድ ዓመት ቁጥር አይወጣለትም፣ የአምስት ዓመት መረጃ ተደምሮ ነው የሚሰጠው። ማክዶዌል እንደዚያ ነው። ፋብሪካ ዛሬ ቢዘጋ ቁጥሩ ላይ በደንብ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ። ሌላም አለ። እኔ የተማርኩበት አቴንስ ካውንቲ፣ ኦሃዮ፣ በድህነት ስሙ በጣም ይነሳል። ግን ከካምፓስ ውጪ ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ ድሃ ተብሎ ይቆጠራል፣ ዶርም የሚኖረው ደግሞ ጭራሽ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ዶርም ሆኜ አልተቆጠርኩም፣ በሚቀጥለው ዓመት ኪራይ ቤት ገባሁና ድሃ ሆንኩ። ኑሮዬ ግን ያው ነበር። በዚያው ካውንቲ ገጠር ውስጥ እውነተኛ ድሃ ሞልቷል፣ ቁጥሩ ግን እሱን ከኔ አይለይም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ መስመር መስመር ትላላችሁ፣ ሥራውን ማን ያንሳ? የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ላይ ቆሟል። ሙሉ ዓመት ሳያርፍ የሠራ ሰው 15,080 ዶላር ያገኛል። የ2025 መስመር ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ፣ 15,650 ነበር። ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው ብቻውን ሆኖ ከመስመሩ በታች ከዋለ ጥፋቱ የመስመሩ ነው የክፍያው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በፓርኪንግና በሆቴል ሠርቻለሁ፣ እርዳታ ሰው ሲያቆም አላየሁም። ክፍያ ነው ሰው የሚያቆመው። ካውንቲው ማድረግ የሚችለውን አድርጓል፣ 17.65 ብሏል። ሌሎቹም ያድርጉ።

የነርስ ረዳቷ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ። ያ እርስዎ የሚሉት ከፍ ያለ ክፍያም አለኝ። ችግሬ የጀመረው እሱ ከፍ ሲል መስመሩ እኩል ስላላደገ ነው። ካውንቲው በአንድ እጁ የሰጠኝን መስመሩ በሌላ እጁ ይወስደዋል።

ትራክ ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ እኔም አንድ ልጨምር። ማክዶዌል ውስጥ ከአዋቂው ከግማሽ በላይ ሥራ ገበያው ውስጥ የለም። አንዱ በከሰል ሥራ ሳንባው ተጎድቷል፣ አንዱ አርጅቷል፣ አንዱ ፈልጎ ፈልጎ ደክሞት ትቶታል። ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ያልፈለገ ሰው ደግሞ ሥራ አጥ ተብሎ አይቆጠርም። በሳምንት አንዲት ሰዓት ተከፍሎት የሠራ ደግሞ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ «የካውንቲው ሥራ አጥነት ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚለውን ዜና ስሰማ አላምነውም። ክፍያውን 20 ዶላር ብታደርጉት እንኳ ቀጣሪ በሌለበት ለማን ይጠቅማል?

ጡረተኛው፦
እሱስ እውነትህን ነው። የኔ መልስ ሥራ ላለበት ካውንቲ ነው። ሥራ ለሌለበት መልስ የለኝም፣ አልዋሽም።

ታክስ ሠሪዋ፦
ቆይ፣ ሁላችሁም አንድ ነገር እያደባለቃችሁ ነው። ይህን ሥራ በየዓመቱ ስለምሠራው ልለየው።

መጀመሪያ ለነርስ ረዳቷ። ጣሪያውን ብታልፊ ሜዲኬይዱን ታጪያለሽ፣ ግን ማርኬትፕሌስ፣ የጤና መድን የሚሸጥበት የመንግሥት ገበያ፣ ገብተሽ በድጎማ መግዛት ትችያለሽ። ለልጆቹ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ጣሪያው ካንቺ በጣም ከፍ ያለ ነው፣ እነሱ አይነኩም። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ወርሃዊ ክፍያው አለ፣ ዲዳክቲብሉ፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስሽ የሚወጣው፣ አለ። ባዶ ሜዳ ላይ አትወድቂም ለማለት ነው። ይህን የነገረሽ ሰው ስላልነበረ ነው ቅዳሜሽን የተውሽው፣ እሱ ያናድደኛል።

ወደ ክርክሩ ልምጣ። የመንግሥት ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቋት የሌለው ነው፣ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኛል። ፉድ ስታምፕና ሜዲኬይድ እንዲህ ናቸው። ሞንትጎመሪ ውስጥ አንድ ሺህ ሰው ቢጨመር ከማክዶዌል ማንም አይቀነስም። ሁለተኛው የተመደበ ቋት ያለው ነው፣ ካለቀ አለቀ፤ ለአንዱ ካውንቲ ሲጨመር ከሌላው ይነሳል። ሄድ ስታርት፣ ለድሃ ቤተሰብ ሕፃናት የሚሰጠው ቅድመ ትምህርት፣ አለ፣ ለካውንቲዎች የሚከፋፈል የልማት ገንዘብ አለ። በ2009 ጄምስ ክላይበርን የሚባሉት የሳውዝ ካሮላይና የኮንግረስ አባል ያስገቡት አሠራር አለ፣ ከአንዳንድ የገጠር ልማት ፕሮግራሞች ቢያንስ 10 በመቶው፣ 30 ዓመት ሙሉ ድህነቱ ከ20 በመቶ ላልወረደ ካውንቲ እንዲሄድ። እንዲህ ያሉ ካውንቲዎች ከ300 በላይ ናቸው፣ አብዛኞቹ ደቡብ ውስጥ ናቸው። መስመሩን በኪራይ አውርዱት፣ ስንቱ ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ከዝርዝሩ እንደሚወጣ አስቡት። ሹፌሩ የፈራው እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።

አዲስ ነገርም አይደለም። የቤት ኪራይ እርዳታው፣ ሴክሽን ኤይት የምንለው፣ ከጥንቱም የሚሄደው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው እንጂ በአገር አቀፉ መስመር አይደለም። ስለዚህ «አይቻልም» የሚባል ነገር የለም። ጥያቄው የትኛው ገንዘብ በየትኛው መስመር ይሂድ ነው።

ተመራቂ ተማሪው፦
ይህ ልዩነት እኔም አልታየኝም ነበር። ታዲያ መስመሩ ኑሮ በተወደደበት ከፍ ይበል፣ በረከሰበት ግን ከአገር አቀፉ አይውረድ ብንልስ? የአምስት ዓመት መረጃው ጉዳይም በዚህ ይቀላል፣ ትንንሾቹ ካውንቲዎች ባሉበት ይቆያሉ።

ትራክ ሹፌሩ፦
ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ገንዘቡን ግን ማን ያመጣዋል? ከፍ ማድረግ ወጪ ነው። ኮንግረስ ወጪ ሲያይ ሁለቱን ያቻችላል፣ እዚህ ከፍ ካደረግን እዚያ እናውርድ ይላል። ድርድር ሲጀመር ማክዶዌል ስንት ድምፅ አለው? 19 ሺህ ሰው። ሞንትጎመሪ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ማን እንደሚሰማ ታውቁታላችሁ። «ከአገር አቀፉ አይወርድም» የሚለው ቃል በሕጉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

የነርስ ረዳቷ፦
እሺ፣ እኔም ሐሳቤን ላስተካክል። ስጀምር ሁሉም በየካውንቲው ይውጣ ነበር ያልኩት። ከናንተ ጋር ሳወራ ያ ለኔ ጠቅሞ ማክዶዌል ያለችውን እናት እንደሚጎዳ ገባኝ። እሷም እንደኔ ልጆች አሏት። ስለዚህ አሁን የምለው፦ ቋት በሌለው እርዳታ ላይ መስመሩ በኑሮ ውድነት ከፍ ይበል፣ የማንም አይውረድ። ተካፍሎ በሚያልቀው ላይ እንዳለ ይቆይ። ወንድሜ፣ ያልከው ቃል በመጀመሪያው መስመር ይጻፍ፣ እኔም ያለሱ አልፈርምም።

ጡረተኛው፦
እኔ አሁንም ክፍያው ይቅደም ባይ ነኝ። ግን ለዚህ እፈርማለሁ።

ታክስ ሠሪዋ፦
ሕጉ እስኪለወጥ አንድ ነገር ልንገርሽ። መሥሪያ ቤትሽ 401ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ካለው ኦቨርታይሙን ሥሪና የዚያኑ ያህል ከታክስ በፊት እዚያ አስገቢ። ለሜዲኬይድ በሚቆጠረው ገቢሽ ውስጥ አይገባም። ሌላ ለውጥ ከሌለ ከጣሪያው በታች ትቆያለሽ። ከመወሰንሽ በፊት ግን የደመወዝ ወረቀትሽን ላኪልኝና በወሩ እናስላው።

የነርስ ረዳቷ፦
ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ። ግን እይው እስቲ፣ ለቅዳሜ ሥራዬ የምቀበለውን ብር ለእርጅናዬ ልቆልፈው ነው። ኪራዬ ደግሞ የሚከፈለው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ነው።