የቀርጤስ ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ ለማዘጋጀት የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ

የተከበራችሁ አባላት፣ የዘንድሮው የጋራ ጉዟችን ወደ ግሪኳ ደሴት ወደ ቀርጤስ እንዲሆን ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ ግን ገና በጽሑፍ ስላልሰፈረ፣ መነሻ የሚሆን ረቂቅ አቀርባለሁ። ጊዜው ፍራንክፈርት ያለችበት የጀርመን ግዛት የሄሰን ትምህርት ቤቶች በጥቅምት የሚዘጉበት ሳምንት ቢሆን፣ የመስቀል በዓልን እዚሁ ፍራንክፈርት አክብረን ለመነሳት ይመቸናል። ሰባት ሌሊት እናድራለን፤ ከምዕራብ ጀምረን በኻኒያ፣ በሬቲምኖ፣ በሄራክሊዮን፣ በአጊዮስ ኒኮላዎስና በሲቲያ አድርገን ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር እናያለን የሚል ነው። አስተያየታችሁን በዚህ ላይ እንድትሰጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማይንዝ አባል

ረቂቁን ላዘጋጁልን ጸሐፊያችን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጊዜውን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ የሚነፍሰው ሜልቴሚ የተባለው የሰሜን ነፋስ በዚያን ጊዜ ጋብ ይላል፣ ባሕሩም የበጋውን ሙቀት ገና አይጥልም። በአምስት ከተማ የማደሩን ነገር ግን አልቀበለውም። ቀርጤስ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በመካከሏም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች የተደረደሩባት ደሴት ናት። ከሰሜን ጠረፍ ወደ ደቡብ መሻገር በካርታ ላይ አጭር መስሎ ቢታይም መንገዱ ጠምዛዛ ነው። ሕፃናትና አረጋውያንን ይዘን በየሌሊቱ ሻንጣ ከምንቋጥር፣ አራት ሌሊት በኻኒያ፣ ሦስት ሌሊት ደግሞ በመሐል ደቡብ በሜሳራ ሜዳ አካባቢ ብናድር ብዙ እናያለን። ምሥራቁ ይቅርብን፤ የቫይ የዘንባባ ደን ያማረ ቢሆንም ለእርሱ ሲባል ሁለት ቀን በመኪና ውስጥ ማለቅ የለበትም።

ከኻኒያ ሆነን ከምናያቸው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ፋላሳርናን እመርጣለሁ፤ የባሕር ዳርቻውና ፍርስራሹ እዚያ ጎን ለጎን ናቸው። በጥንት ዘመን የታጠረ ወደብ የነበራት ከተማ ናት። በ365 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የደሴቲቱ ምዕራባዊ ክፍል ወደ ላይ ስለተነሳ፣ መርከብ ይቆምበት የነበረው ገንዳ ዛሬ ከባሕሩ ርቆ በደረቅ መሬት ላይ ይታያል። የወደቡን ግንብ እየተከተሉ ሲሄዱ እግር የሚረግጠው አፈርና ቁጥቋጦ ነው። በአቅራቢያውም ከአንድ አለት የተጠረበ ትልቅ ዙፋን መሳይ መቀመጫ አለ፤ ማን እንደተቀመጠበት ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ልጆቻችን ለምን እንደተሠራ ሲከራከሩ አባቶች በአሸዋው ላይ ማረፍ ይችላሉ።

የእናቶች ክፍል ተወካይ

በሁለት ቦታ የማደሩን ሐሳብ እናቶች ሁሉ ደግፈውታል። ሆኖም ሁለት ነገር በሰነዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልን። አንደኛው የባሕሩ ጉዳይ ነው፤ ከእኛ መካከል ዋና የሚያውቁት ጥቂቶች እንደሆኑ እያወቅን፣ ማዕበል የሚመታው ዳርቻ ላይ ልጆችን ለቀን መቀመጥ አንችልም። ኤላፎኒሲ የሚባለው ቦታ ከኻኒያ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም ውሃው እስከ ጉልበት የማይደርስ ሰፊ ስፍራ አለው፤ አሸዋውም ከተፈጨ የባሕር ፍጥረት ቅርፊት የተነሳ ሮዝ መልክ ይታይበታል። ቦታው ጥብቅ ስለሆነ አሸዋ ጨልፎ መውሰድ የተከለከለ ነውና ለልጆቹ አስቀድመን እንንገራቸው። ሁለተኛው የምግብ ነገር ነው። ጉዞው ጾመ ጽጌ ከገባ በኋላ ሊውል ይችላል፤ ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም የሚጾሙ አሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የሁላችን ናቸው። ግሪኮች ኦርቶዶክሳውያን ስለሆኑ የጾም ምግብ ሲባል ይገባቸዋል፤ ባቄላው፣ ቅጠላ ቅጠሉና የወይን ቅጠል ጥቅሉ በወይራ ዘይት ይቀርባል። ነገር ግን እነርሱ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ በጾም ስለሚበሉ፣ ምግብ ቤቱን ስንይዝ «ከባሕር የወጣ ምንም አይግባበት» ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

የወጣቶች ክፍል ተጠሪ

እናታችን ያሉትን እናከብራለን። ከወጣቶቹ በኩል የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሳማሪያ ሸለቆ የእግር ጉዞ እንዳይቀር። ከኦማሎስ ደጋ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በሊቢያ ባሕር ዳር በምትገኘው በአጊያ ሩሜሊ መንደር ያበቃል። ስፍራው በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን በሸለቆው መሐል ይኖሩ የነበሩት የሳማሪያ መንደር ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል፤ ባዶ ቤቶቻቸው ዛሬም የመንገደኛ ማረፊያ ናቸው። የሰሜን ተራሮችን የወጣ ሰው እዚያ ዋልያ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ እዚህም ክሪ ክሪ የሚባለውን የደሴቲቱን የዱር ፍየል ዓይኑ ይፈልጋል። መንገዱ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይወስዳል፤ ድንጋዩ ስለሚንሸራተት ነጠላ ጫማ ያደረገ አናስኬድም።

ከማይንዝ አባል

ወጣቶቹ ባሉት ላይ ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። አጊያ ሩሜሊ የመኪና መንገድ የላትም፤ መውጫው ጀልባ ብቻ ስለሆነ የቀኑን ሥርዓት የሚወስነው የመጨረሻው ጀልባ ሰዓት ነው። ሸለቆው የሚከፈተው ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ዝናብ ከጣለ በዕለቱ ይዘጋል። ስለዚህ ይህን ቀን በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ብናደርገው ቢዘጋ እንኳ ወደ ሌላ ቀን ለመግፋት እንችላለን።

ቁልቁለቱን የማይችሉ ደግሞ ከዚህ ቀን መቅረት የለባቸውም። በደቡቡ ጠረፍ ካለችው ከሱጊያ መንደር በጀልባ ወደ አጊያ ሩሜሊ መጥተው ከታች በኩል ወደ ሸለቆው ሲገቡ፣ ግድግዳዎቹ እስከ አራት ሜትር ድረስ የሚጠባበቡበትን «የብረት በሮች» የተባለውን ስፍራ ያያሉ። መንገዱ ከላይኛው እጅግ የቀለለ ነው። ከላይ የወረዱትና ከታች የገቡት ምሳ ላይ ባሕር ዳር ይገናኛሉ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ

ሦስቱ የደቡብ ሌሊቶች እንዳይነኩ አደራ እላለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙሩን ቲቶን የተወው በዚህች ደሴት ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ «መልካም ወደብ» በተባለ ስፍራ እንደቆመ ተጽፏል። ስፍራው ዛሬ ካሊ ሊሜኔስ ይባላል፤ በኮረብታው ላይ በሐዋርያው ስም የተሠራ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከፊት ለፊቱ ባለችው ደሴት ላይ ግን የመርከብ ነዳጅ ማጠራቀሚያ በርሜሎች ተደርድረው ስለሚታዩ፣ የገዳም ጸጥታ የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሮማውያን የቀርጤስ ዋና ከተማ የነበረችው ጎርቲና አለች፤ የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ በእርሷ ውስጥ ነው። እዚያው በ5ኛው መቶ ዘመን ቅድመ ልደት በድንጋይ የተቀረጸ የከተማዋ ሕግ አለ፤ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ የተጻፈ ሲሆን፣ ግሪኮቹም የአጻጻፉን ስም በሬ ሲያርስ ከሚመላለስበት አካሄድ ወስደውታል። ሕጉ ስለ ውርስ፣ ስለ ፍቺና ስለ ባሪያ መብት ይናገራል። በሄራክሊዮን አጠገብ ያለውን የጥንት ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ክኖሶስን በተመለከተ፣ ከ1900 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የቆፈረው አርተር ኤቫንስ ብዙውን ክፍል በሲሚንቶ መልሶ ስለገነባው የጥንቱን ከአዲሱ መለየት ያስቸግራል፤ ለአንድ ጠዋት ብቻ፣ ያውም ከሄራክሊዮን ሙዚየም ጋር ተያይዞ፣ በመመለሻው ቀን ቢደረግ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ

ሐሳቡ መልክ እየያዘ ስለሆነ በእኔ ክፍል ያለውን ልጨምር። በተለመደው የመንጃ ፈቃዳችን የምንነዳው ከነሹፌሩ ዘጠኝ ሰው የሚይዝ መኪና ነው፤ ስለዚህ ትልቅ አውቶቡስ ሳይሆን ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው የሚይዙ መኪኖች እንከራይ፣ ለኦማሎስ ግን የሕዝብ አውቶቡሱን እንጠቀም፤ አለዚያ መኪኖቹ ተራራው ላይ ቀርተው እኛ ባሕር ዳር እንገኛለን። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድና የጸና ፓስፖርት ወይም የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላቸው ያለ ቪዛ ወደ ግሪክ ይገባሉ። ከለንደን የሚመጡት እንግዶቻችን ግን የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋልና ከወራት በፊት ይጀምሩ። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በሂደት ላይ ያለ አባሎቻችን ከአገር መውጣት አይችሉም። ከጋራ ሣጥኑ ለጉዞው የሚወጣው ድጎማ የእነርሱም መዋጮ ስለሆነ፣ የድርሻቸው መጠን ተለይቶ ይቀመጥላቸውና በምን ላይ እንዲውል ራሳቸው ይወስኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

በተሰጡት አስተያየቶች መሠረት ለጉባኤው የሚቀርበው ሐሳብ እንዲህ ይነበባል፦ ማኅበሩ በጥቅምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት አራት ሌሊት በኻኒያ፣ ሦስት ሌሊት በሜሳራ የሚያድር የቤተሰብ ጉዞ ወደ ቀርጤስ ያዘጋጃል፤ በሁለተኛው ቀን ወጣቶች በሳማሪያ ሸለቆ ከላይ ሲወርዱ ሌሎች በጀልባ ከታች ይገባሉ፤ ኤላፎኒሲና ፋላሳርና በየራሳቸው ቀን ይጎበኛሉ፤ ከደቡብ ጎርቲናና ካሊ ሊሜኔስ፣ በመመለሻው ቀን ክኖሶስ ይታያሉ፤ መጓዝ የማይችሉ አባላት የድጎማ ድርሻ ተለይቶ ይያዛል። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ያሳውቅ።

የእናቶች ክፍል ተወካይ

ተቃውሞ የለንም፤ ከላይ ከሚወርዱት ወጣቶች ጋር አንድ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሠለጠነ ሰው እንዲኖር ብቻ ይጨመርልን። ከአባሎቻችን አንዷ ነርስ እህታችን ፈቃደኛ መሆኗን ነግራኛለች።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ተጨምሯል።