ደብዳቤ የሌለው የሥራ ልምድ ሲቪ ላይ እንዴት ይጻፋል?

ሰላም ለሁላችሁ። በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። "0 ዓመት ልምድ" የሚሉ ማስታወቂያዎች ላይ ሁሉ አመለክታለሁ። የሚደውልልኝ ግን እምብዛም ነው።

የቸገረኝ እንዲህ ነው። አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሒሳቡን የምይዝለት እኔ ነኝ። ደረሰኝ አሰባስቤ 15 በመቶውን ቫት አሰላለሁ። የሠራተኞቹን ፔሮል እሠራለሁ፤ ለጡረታ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይም እመዘግባለሁ። ታዲያ ደመወዝ አልነበረኝም፣ የልምድ ደብዳቤም የለኝም። ይህን ሲቪዬ ላይ "የሥራ ልምድ" ብዬ ላስገባው? አጎቴ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ቢጽፍልኝስ? ዘመድ መሆኑ አያስጠረጥርም? ለእኔ እውነተኛ ሥራ ነው፤ ተደብቆ እንዲቀር አልፈልግም።

ካቨር ሌተሩም አለ። "ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ" ብሎ የሚጀምረው የሁሉም ሰው ደብዳቤ አንድ ዓይነት ነው። ቅጥር ላይ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እውነት ታነቡታላችሁ? የመደብሩን ሥራ እዚያው በሁለት መስመር ባስረዳው ይሻላል?

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ "ስለራስሽ ንገሪን" ሲሉኝ ከትምህርቴ ልጀምር ወይስ ከምችለው ሥራ? "ስንት ደመወዝ ትፈልጊያለሽ?" ካሉኝስ ቁጥር ልጥራ ወይስ "በድርጅቱ ስኬል" ልበል?

አርብ የሚዘጋ ማስታወቂያ አለ። ከዚያ በፊት የምታውቁትን ብትነግሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።