የዕቅድ ውይይት፦ ልጆቹን ኤሊስ አይላንድ እንውሰዳቸው?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቦርዱ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ አብረን እንቅረጸው። መነሻው ይኸው፦ ትምህርት ሲዘጋ የማኅበራችንን ልጆች ይዘን ከቨርጂኒያ ኒውዮርክ፣ ኤሊስ አይላንድ እንሂድ። ከ1892 እስከ 1954 ወደ 12 ሚሊዮን ሰው ከመርከብ ወርዶ አሜሪካ የገባው በዚያ በኩል ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ፎቶ ብቻ ተነስተው እንዳይመለሱ ምን እናሳያቸው?

የወጣቶች ክፍል፦ የጠመኔውን ነገር! በሦስተኛ ማዕረግ የመጣው ሕዝብ ጓዙን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ቆመው ያዩታል። ያለከለከ ወይም ያነከሰ ካለ ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል። ለልብ አንድ ፊደል፣ ለዓይን ሌላ። ትራኮማ ፍለጋ የዓይን ቆብ የሚገለብጡት ደግሞ በጫማ ቁልፍ መቆለፊያ መንጠቆ ነበር። አንደኛና ሁለተኛ ማዕረግ ግን እዚያው መርከቡ ላይ ታይቶ በቀጥታ ከተማ ይገባል። ልጆቹ ይህን መቼም አይረሱትም።

ገንዘብ ያዥ፦ በኒው ጀርሲ በኩል ከሊበርቲ ስቴት ፓርክ ጀልባ ብንይዝ ማንሃተን ውስጥ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ጣጣ እንገላገላለን። ደግሞ እዚያ ስማቸውን ቀየሩባቸው የሚባለውንም ጨምሩበት።

የትምህርት ክፍል፦ ወንድሜ፣ እሱ እንኳ ይቅር። ተቆጣጣሪዎቹ የሚሠሩት መንገደኛው በተሳፈረበት ወደብ በተዘጋጀ የመርከብ መዝገብ ነው። ስም ያመሳክራሉ እንጂ አያወጡም። ብዙው ሰው ስሙን ያሳጠረው ኋላ ራሱ ነው። (የእኛ የአባትና የአያት ስም ጣጣ ሌላ ጉድ ነው፣ እሱን ለሌላ ቀን።)

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በባሕር የመጣው ሁሉ ወዶ የመጣ አይደለም። በ1619 ሃያ ምናምን አፍሪካውያን በባርነት የወረዱበት ፖይንት ኮምፎርት፣ የዛሬው ፎርት ሞንሮ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። በጠዋት ብንነሳ ለማታ እንመለሳለን። ልጆቻችን እኮ እዚህ አገር ጥቁር ሆነው ነው የሚያድጉት። ኤሊስ አይላንድን ብቻ ካሳየናቸው ግማሹን ደበቅናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለት ጉዞ በአንድ ዓመት? ካዝናው አይችልም።

አንድ አባት፦ ልጆቼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። እኔን ሐኪም ያየኝ ካርቱም ነው። ሳንባዬን ራጅ አነሱኝ፣ ጠየቁኝ፣ ከዚያ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። ከ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወዲህ ማጣሪያው ውጭ አገር ወዳሉ ቆንስላዎች ዞረ፤ ደሴቱም በአብዛኛው ማቆያ ሆኖ ቀረ። ዲቪ የደረሳችሁም ብትሆኑ፣ የእናንተ ኤሊስ አይላንድ አዲስ አበባ ኤምባሲው በር ላይ ነበር። ይህ ካልተነገራቸው የሌላ ሰው ታሪክ ጎብኝተው ነው የሚመለሱት።

የወጣቶች ክፍል፦ ጋሼ፣ ይሄማ መግባት አለበት! እያንዳንዱ ቤተሰብ ቃለ መጠይቁ ላይ የተጠየቀውን በአንድ ገጽ ይጻፍ። የመርከብ መዝገቡ ላይ 29 ጥያቄ ነበር፦ ትኬትህን ማን ከፈለ? ስንት ገንዘብ ይዘሃል? ታስረህ ታውቃለህ? ልጆቹ ጎን ለጎን ያነጻጽሩታል።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክየዋለሁ፦ ዘንድሮ ፎርት ሞንሮ፣ ደርሶ መልስ። ኤሊስ አይላንድ ለከርሞ፤ እስከዚያ መዋጮ እናሰባስብ። የቤተሰብ ገጾቹ ከአሁኑ ይጀመሩ። የሚቃወም እስከ እሑድ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህ እስማማለሁ።

አንድ አባት፦ የመጀመሪያውን ገጽ እኔ እጽፋለሁ። የሚተይብልኝ ብቻ ፈልጉልኝ።