ጥቆማ፦ የ6 ሰዓት ቪዲዮ 1 ደቂቃ የሚያደርግልኝ ማን ነው?

ከአያት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የቤታችን ሶሌታ ተሞላ። ስልኬን ጎረቤት በረንዳ ላይ አስሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ቀረጽኩት። በ4 ፋይል 22 ጊጋ ገደማ ሆኗል። ለቤቱ ገንዘብ የላከው ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ ነው። መጥቶ ማየት ስላልቻለ በ1 ደቂቃ ታይምላፕስ (በጣም ተፋጥኖ በሚያልፍ ቪዲዮ) ላሳየው ፈልጌ ነው። አንድ ቪዲዮ ቤት 4,000 ብር ጠየቀኝ። የሚታመን ሰው ጠቁሙኝ። ወይስ ራሴ በስልክ ልሠራው እችላለሁ?

ሚሚ ጀሞ፦
ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ ጋ ሂድ። የእህቴን መልስ የሠራው እሱ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ስጠው።

ኤዲተሩ፦
ለዚህ ሥራ 4,000 ብር አትክፈል። 6 ሰዓት ማለት 21,600 ሰከንድ ነው። 60 ሰከንድ እንዲሆን 360 እጥፍ ማፍጠን አለብህ። ካፕከት የሚባለው የስልክ ቪዲዮ ማቀናበሪያ እስከ 100 እጥፍ ያፈጥናል። አራቱንም ፋይሎች አንድ በአንድ በ100 አፍጥነህ አውጣቸው። ስትገጣጥማቸው 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይመጣል። ያንን እንደገና በ3.6 አፍጥነው፣ አለቀ። ግን ሁሉንም እኩል አታስሩጠው። ሠራተኛው ምሳ ላይ የነበረበትን ቁረጥ። የመጨረሻው ጥግ ሲሞላ ደግሞ ትንሽ ዝግ አድርገው። ወንድምህ ደጋግሞ የሚያየው እሱን ነው።

ቤዛ፦
ወንድሜ፣ ሳትገለብጥ ለማንም እንዳትሰጥ። እናቴ ቡና ስታፈላ ከሰዓቱን ሙሉ ቀርጫት ነበር። ካርዱን ለአንድ ስቱዲዮ ሰጠሁ፣ ታይምላፕስ አድርጉልኝ ብዬ። 40 ሰከንድ ቪዲዮ ሰጡኝ፣ ያምራል። ቤት ገብቼ ካርዱን ሳየው ባዶ ነው። «ሥራው ስላለቀ አጠፋነው» አሉኝ። ከሦስት ወር በኋላ እናቴ አረፈች። ታይምላፕስ ድምፅ የለውም። እኔ ደግሞ የምፈልገው ድምጿን ነው።

ፎርማን፦
ነፍስ ይማር እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ኮልፌ፦
የትኛው ስቱዲዮ ነው? ስሙን ጥሪና ሰው ይጠንቀቅ።

ቤዛ፦
አልጠራም። ልጆቹ ክፉ አይደሉም። እኔም ሳልገለብጥ ነው የሰጠሁት።

ሚሚ ጀሞ፦
ሃያ ሁለት ያለው ልጅ እንዲህ አያደርግም።

ኮልፌ፦
እኔ እሱ ጋ አሠርቼ አውቃለሁ። የሰጠኝ ቪዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብልጭ ድርግም ይላል። እስካሁን አለኝ፣ ላሳይሽ እችላለሁ።

ሚሚ ጀሞ፦
የቀረጽከው አንተ ነህ። ልጁ ምን ያድርግ? ጎበዝ ነው፣ አልኩህ።

ኤዲተሩ፦
ብልጭ ድርግም የሚለው ስልኩ ብርሃኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር ይለዋወጣል። ሲፈጥን ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ከመቅረጽ በፊት ስክሪኑን ጫን አድርጎ ይዞ ብርሃኑን መቆለፍ ነው።

መርካቶ፦
በሳምሰንግ ከሆነ ካሜራው ውስጥ «ሃይፐርላፕስ» የሚል፣ እያፈጠነ የሚቀርጽ አለው። ከመጀመሪያው በእሱ ብትቀርጽ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። 22 ጊጋም አትይዝም። ጎፕሮ የሚባለውን ትንሽ ካሜራ ብትገዛ ደግሞ የበለጠ ነው።

ኮልፌ፦
ሰውዬው ሶሌታው ተሞልቷል እኮ ነው ያለው። አፍርሶ እንደገና ያስሞላው?

ሳሪስ፦
ቤዛ፣ ካርዱ አሁንም አለሽ? ከጠፋ በኋላ ቀርጸሽበታል?

ቤዛ፦
አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልነካው አልቻልኩም።

ሳሪስ፦
ደግ አደረግሽ። ፋይል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ስሙ ነው የሚሰረዘው። ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ውስጡ ካርዱ ላይ ይቆያል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ላፕቶፕ ላይ ጫኚው፣ ካርዱን ክተቺና ይፈልግ። ያገኘውን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጪ፣ ካርዱ ላይ በፍጹም እንዳትመልሺው። ረጅም ቪዲዮ ተቆራርጦ ሊመጣ ይችላል፣ ግን ሞክሪው።

ከአያት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤዛ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የጻፍሽውን እንዳነበብኩ ልገልብጥ ብዬ ተነሳሁ። ፍላሹ 64 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው። ግን አንዱንም ፋይል አልቀበልም አለኝ። ተጭበርብሬ ይሆን?

ኤዲተሩ፦
አይደለም። ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ነው። ያ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ያንተ ደግሞ እያንዳንዱ 5 ጊጋ አልፏል። በኤክስፋት ፎርማት አድርገው፣ እሱ ትልቅ ፋይል ይቀበላል። ለወንድምህ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላከው። እንደ ቪዲዮ ከላክኸው ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ፎርማን፦
ሶሌታው ላይ ውኃ ማጠጣቱን እንዳትረሳ። ቢያንስ 7 ቀን፣ በተለይ በዚህ ፀሐይ።

ሚሚ ጀሞ፦
ከአያት፣ ታዲያ የት ወሰድከው? ሃያ ሁለት ሄድክ?

ቤዛ፦
ሳሪስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልግ አደረ። ሦስት ፋይል አገኘ። ሁለቱ አልከፈት አሉኝ። ሦስተኛው 11 ደቂቃ ነው። ምስሉ ይቆራረጣል። እናቴ ግን «እጣኑን አቀብዪኝ» ስትል ይሰማል።

ሳሪስ፦
አሁኑኑ ሁለት ቦታ ገልብጪው። ዛሬውኑ።