ተማሪዎችን ወደ ጢስ ዓባይ ስንወስድ ከአደጋም ሆነ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ እንዴት እንጠብቃቸው?

ጥያቄ፦ የክበብ ተጠሪ መምህር፣ ደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ ነኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነና ወላጆችም ከፈቀዱ፣ በጥቅምት ወር የክበቡን ተማሪዎች በወልድያና በደብረ ታቦር አድርገን ወደ ባሕር ዳር በመውሰድ ጢስ ዓባይን ልናሳያቸው አስበናል። ወሩን የመረጥነው ዓባይ የክረምቱን ውሃ ይዞ ገና ሞልቶ የሚወርድበት ስለሆነ ነው። ሆኖም በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «ውሃው የሚያምርበት ጊዜ የሚወስድበትም ጊዜ ነው፤ ልጄን ማን ይይዝልኛል?» ብለው ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ልጆቻችን የሚያውቁት ወንዝ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሻገሩትን ቦርከናን ነው፤ አብዛኞቹም ዋና አይችሉም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብደኛል። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼ ልንገራችሁ። ከተመዘገቡት መካከል ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሰው የራቀ አንድ ልጅ አለ። በቅርቡ ማንም እንዲነካበት የማይፈልገውን ካልኩሌተሩንና ደብተሮቹን ለጓደኛው ሰጥቶ «ከእንግዲህ ለእኔ አይሆኑም» ማለቱን ጓደኛው መጥቶ ነገረኝ። ለጉዞው ግን ከሁሉም በፊት የተመዘገበው እርሱ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አትጠይቀው፣ ያላሰበውን ታስታውሰዋለህ» ይለኛል። ልጠይቀው ወይስ ዝም ልበል? ልውሰደው ወይስ ላስቀረው?

መልስ፦ አስጎብኚ፣ ላሊበላ

መምህር፣ እንግዶችን ይዤ ወደ ባሕር ዳር እመላለሳለሁና ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የማውቀውን ልጻፍ።

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታው 45 ሜትር ገደማ ሲሆን በክረምት ሲሞላ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ሰው ዓይኑን የሚጥለው በሚወርደው ውሃ ላይ ነው፤ አደጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከገደሉ አፍ በላይ ካለው ዝም ያለ ከሚመስል ውሃና በዙሪያው ካለው እርጥብ ድንጋይ ነው። ጢሱ ቀንና ሌሊት የሚያርሰው ድንጋይ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ስለሚያወጣ ስኒከር ጫማ አይቆነጥጠውም። ውሃው ወደ ገደሉ አፍ በቀረበ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጉልበት የሚደርስ ውሃም ጎልማሳ ሰውን ከቆመበት ይነቅላል። ከሥር ያለው ደግሞ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ስለሚሆን ዋና የሚችለውን እንኳ አይሸከምም፣ ወደ ፏፏቴው ሥር መልሶ እየጠቀለለም ያስቀረዋል። ከዓባይ ውሃ ለኃይል ማመንጫ የሚጠለፍ ስላለ የሚወርደው መጠን ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ትናንት ሰዎች የቆሙበትን ደረቅ ድንጋይ በፎቶ አይተው ዛሬም እንደዚያ ነው ብለው አይመኑ።

ስለ ፎቶ አጥብቄ እናገራለሁ። ልጆች ሲነሡ አንዱ «ትንሽ ወደኋላ» ይላል፣ ሌላው ሳያይ ይራመዳል። በመሆኑም ከገደሉ የራቀ አንድ ቦታ አስቀድመው ይምረጡና ሁሉም እዚያው ብቻ ይነሣ፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቆመው የድንጋይ ድልድይ ላይም ቆሞ መደርደር አይኑር፣ ማለፍ ብቻ ይሁን። ወደ ትንንሾቹ ገባሮችም እግር ለመታጠብ አይውረዱ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይኛው አገር በዘነበው ደራሽ ጎርፍ እንደሚመጣ ወሎ ያደገ ሰው አይነገረውም፤ የከተማ ልጅ ግን ይዘነጋዋል።

ለክፉ ቀን ረጅም ገመድና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይያዙ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ወዳጁ ተከትሎ ይገባል፤ ለቅሶውም ሁለት ይሆናል። ጀሪካኑን በገመዱ ጫፍ አስረው ይወርውሩ እንጂ ማንም አይግባ፤ ይህንንም ደሴ ሳሉ በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ቢያለማምዷቸው መልካም ነው።

መልስ፦ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ቶሮንቶ

የምኖረው ለናያግራ ቅርብ ስለሆነ፣ ዓለም በሙሉ በሚጎበኘው በዚያ ፏፏቴ ጥበቃው እንዴት እንደመጣ ባነሣ ሳይጠቅም አይቀርም።

እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1912 ከፏፏቴው በታች ወንዙን የሸፈነው በረዶ ተሰብሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት ሰው በዚያ በረዶ ላይ እንደ ገበያ ይመላለስበት ነበር፤ በእግር መሄድ የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲህ ያለው ክልከላ ከሞት በኋላ ነው የወጣው፤ እናንተ ግን ከሞት በፊት እየጠየቃችሁ ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1960 የሆነው ነው። ከፏፏቴው በላይ ሁለት ልጆችንና አንድ ጎልማሳ የጫነች ጀልባ ተገለበጠች። ጎልማሳው ሞተ። የ7 ዓመቱ ልጅ 57 ሜትር ያህል ከሚደርሰው ፏፏቴ ከነተንሳፋፊ ሰደሪያው ወርዶ በሕይወት ተረፈ፤ ዜናው ሁሉ ስለ እርሱ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የ17 ዓመት እህቱ ጉዳይ ነው። እርሷን ገደሉ አፍ ላይ ልትደርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት በዳር ቆሞ የነበረ ጎብኚ እጁን ዘርግቶ አወጣት፤ የያዘችውም አውራ ጣቱን ነበር። ያ ሰው እንደ ሌላው ሊጎበኝ የመጣ ነበር፣ ነገር ግን ፏፏቴውን ትቶ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰው ተመለከተ። ከእያንዳንዱ የተማሪ ቡድን ጋር ፏፏቴውን ሳይሆን ልጆቹን ብቻ የሚያይ አንድ መምህር ይኑር የምለው ለዚህ ነው።

ራስን ስለ ማጥፋት ደግሞ «ሊሞት የወሰነን ሰው አጥር አይመልሰውም» የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፣ እውነት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ1937 እስከ 1971 በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ የተመለሱ 515 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ጥናቱ ሲደረግ ከመቶው 94ቱ ወይ በሕይወት ነበሩ ወይም በተፈጥሮ ሞት አርፈው ነበር። ያም ሆኖ የድልድዩ መከላከያ መረብ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ይህ መዘግየት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚህ ቶሮንቶም በአንድ ድልድይ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 አጥር ተሠራ። በ2010 የወጣው ጥናት ሰዎቹ ወደ ሌሎች ድልድዮች ሄደዋል የሚል ነበር፤ ረዘም ያለ ጊዜን የመረመረው የ2017ቱ ጥናት ግን በከተማዋ ድልድዮች ሁሉ ሞቱ መቀነሱን አሳየ። ክፉው ሰዓት ያልፋል፤ እስኪያልፍ ድረስ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ መርሳ

ወንድሞቼ የጻፉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስለዚያ ልጅ የተጠየቀው ገና አልተመለሰም። እኔ እንደ ወላጅ ስናገር ልጁ መቅረት አለበት። መምህሩ ብዙ ልጆች ይዞ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ አንዱን ብቻ ሊጠብቅ አይችልም። ነገሩንም በይፋ ባይነሣ ይሻላል፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወሬ ከወጣ ቤተሰቡ በቅሬው (በዕድሩ) ፊት አንገቱን ይደፋል፣ የእህቶቹም ስም አብሮ ይነሣል።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ኮምቦልቻ

ከመርሳው አባት ጋር በአንዱ እስማማለሁ፣ በአንዱ አልስማማም። ልጁ አሁን ባለበት ሁኔታ ወደ ገደል አፋፍ መሄድ የለበትም። ዝም መባሉ ግን አደገኛ ነው። «ቅሬው ምን ይለናል» በሚል ፍርሃት ተደብቆ የቆየ ሕመም እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከረፈደ በኋላ ነው፤ ሳይደርስ የሚቀረውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው።

መምህር፣ ይጠይቁት። ባልደረባዎ የሚሉት ብዙ ሰው የሚያምነው ነው፤ ሆኖም መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ እንደማይተክል፣ ይልቁንም ሸክሙን እንደሚያቀል በጥናት ታውቋል። በቢሮ ጠርተው፣ ጠረጴዛ በመካከል አድርገው አይሁን። ከትምህርት በኋላ አብራችሁ እየሄዳችሁ፣ በመጀመሪያ ያዩትን ይንገሩት፦ «ካልኩሌተርህን መስጠትህን ሰማሁ፣ ከሰውም ርቀሃል፣ አሳስበኸኛል» ይበሉት። ቀጥሎም በግልጽ «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቁት። «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ብለው አይጠይቁ፤ አይደለም እንዲልዎ መንገድ እየሰጡት ነውና። አዎ ካለዎት አይቆጡ፣ ኃጢአትነቱን አይስበኩ፣ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ብለውም አይቸኩሉ። ያዳምጡት። ለማንም አልናገርም ብለው ግን ቃል አይግቡ።

ከዚያ በኋላ የሚታመን የቤተሰብ ሰው ይጠራ። ቤት ውስጥ ልጁ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር፣ በተለይ የእህል መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ካለ፣ ተቆልፎ ወይም ከቤት ወጥቶ ይቀመጥ። ይህ የቶሮንቶው ወንድማችን የነገረን አጥር በቤት ውስጥ ሲሠራ ማለት ነው፤ ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ የተባይ ማጥፊያዎችን በማገዷ ራስን የማጥፋት መጠኗ እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሕክምናም አለ፤ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ቤተሰቡ ቄስ ወይም ሸህ ቢጠራ፣ ጠበል ቢጠመቅ፣ ዱዓ ቢደረግለት መልካም ነው፤ የሃይማኖት አባቶች «መድኃኒቱንም ውሰድ» ሲሉት ልጁ ከእኔ ይልቅ እነርሱን ይሰማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪዎቹ በፏፏቴዎች ስለሞቱ ሰዎች የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን በቴሌግራምና በቲክቶክ እንዳይቀባበሉ ይንገሯቸው። በቪየና እ.ኤ.አ. በ1987 ጋዜጦች በምድር ባቡር ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች አጋንነው መጻፋቸውን ሲቀንሱ ሞቱም በእጅጉ ቀንሶ ነበር። እኔም እዚህ የጻፍኩት ይህንን እያሰብኩ ነው።

ጠያቂው መምህር፣ ደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ከትምህርት በኋላ እስከ ፒያሳ አብሬው ሄድኩና በተጻፈልኝ መንገድ ጠየቅሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና «አዎ» አለኝ፤ ከዚያም አለቀሰ። እስከ ዛሬ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረም ነገረኝ። ለማን ልንገርልህ ስለው አክስቱን መረጠ። አሁን በእርሷ ቤት ነው፤ እኔም እዚያው ነኝ። ሆስፒታል የምንሄደው ሰኞ ቢሆን ይዘገያል? ስለ ጉዞውስ ምን ልበለው? የተገለለ እንዳይመስለው እፈራለሁ።

መልስ፦ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ኮምቦልቻ

ሰኞን አትጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ይሂድ። ለዛሬ ሌሊት አክስቱ በአንድ ክፍል አብራው ትደር፤ በሩ አይቆለፍበት፣ ቤት ውስጥ ያለውም የእህል መድኃኒት አሁኑኑ ወደ ጎረቤት ይውጣ። ሌሊቱን ከባሰበት፣ ወይም አደርገዋለሁ ያለውን ነገር በዝርዝር መናገር ከጀመረ፣ ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ነገ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ከአክስቱ ጋር እርስዎም ቢገኙ ይመረጣል፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ስለሆነ፣ በትምህርት ቤት ያዩትን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።

ስለ ጉዞው እውነቱን ይንገሩት፦ «በዚህኛው አትሄድም፣ አሁን የምፈልገው አንተ እንድትድን ነው» ይበሉት። ከክበቡ ግን አይውጣ። ለጉዞው ዝግጅት የገመድ ልምምዱ በሜዳ ላይ ሲደረግ፣ ሐኪሙ ከፈቀደና እርሱም ከፈለገ፣ ከጓደኞቹ ጋር ይገኝ።