አስቸኳይ፦ የማይገለበጥ የዓሣ ማጥመጃ ካያክ

ፒያሳ ነኝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የሚነፋው ካያኬ (ትንሿ የመቅዘፊያ ጀልባዬ) ዛሬ ጠዋት ስሞክረው ከወለሉ መጋጠሚያ አየር ያስወጣል፤ ቅዳሜ ሌሊት እንወጣለን። ካዛንቺስ አንድ ሰው ሁለት ያገለገሉ የፕላስቲክ ካያኮች አሉት። አንዱ 3.7 ሜትር ርዝመት፣ 66 ሳንቲሜትር ስፋት፤ ሌላው 3.1 ሜትር በ84። እስከ 11 ሰዓት ወስን ብሎኛል። የቱ ነው የማይገለበጠው? ረጅሙ ከባድ ስለሆነ ይሻላል መሰለኝ።

አምባዛ፦ የት ሐይቅ? ክብደትህስ ስንት ነው?

ሁለት ጎማ፦ ለጎሚስታ ውሰደው፤ ወዲያው ይለጥፍልሃል።

የአራት ኪሎዋ፦ የማይገለበጥ ካያክማ አለህ፤ ሳሎንህ ውስጥ ተንፍሶ የተኛው ነው።

ቀዛፊው፦ ክብደት ያረጋጋል ያለህ ማን ነው? የሚያረጋጋው ስፋትና የሆዱ ቅርጽ ነው። ሆደ ጠፍጣፋው ጸጥ ባለ ውኃ ላይ አይወዛወዝም፤ ማዕበል ከጎን ሲመጣ ግን አብሮ ያጋድላል። ሆደ ክቡ ገና ስትቀመጥ ያስፈራል፤ ሲያጋድል ግን የተሻለ ይቋቋማል። ረጅምና ጠባብ የተሠራው ለፍጥነት ነው። ዘንግ ይዞ ወደ ጎን ለሚዞር ሰው 66 ጠባብ ነው።

የጣና ልጅ፦ ካያክ ለምን አስፈለገ? እኛ ዘንድ በደንገል ታንኳ ያጠምዳሉ።

አምባዛ፦ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ፀሐይ ላይ የሚያደርቀው በረንዳ ፒያሳ የት አለው?

ፒያሳ ነኝ፦ ዝዋይ ነው። 92 ኪሎ ነኝ። ቆሜ መወርወር እፈልጋለሁ።

አምባዛ፦ ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረብህ! ዝዋይ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ቶሎ ከፍ ይላል። በማለዳ ገብተህ ነፋሱ ሳይበረታ ውጣ። ጉማሬም አለ፤ ከደንገሉና ከሸምበቆው ራቅ። መቆሙን እርሳው።

ሁለት ጎማ፦ ጎሚስታ አልኩ እኮ።

ቀዛፊው፦ የጎሚስታ ሙጫ ለጎማ ነው፤ የሚነፋ ካያክ የሚሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፒቪሲን፣ በደንብ አይዝም። ፒቪሲ የራሱ ሙጫ አለው፤ መጋጠሚያ ግን በቤት ውስጥ ለመጠገን አስቸጋሪ ነው።

የቢሾፍቱ ሽማግሌ፦ ልጄ፣ ዋናውን ማንም አልጠየቀህም። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው ወይስ እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት? ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ቢገለበጥ መልሰህ ትወጣበታለህ፤ ውኃውም በቀዳዳዎቹ ይወርዳል። ሁለተኛው ውኃ ይሞላል፤ መሐል ሐይቅ ላይ ማን ይቀዳልሃል? ደግሞ የመጫን አቅሙን እይ። የአንተ 92፣ ዓሣው፣ በረዶው፣ ዕቃው ተደምሮ ከተጻፈው ሁለት ሦስተኛ ባያልፍ ይመረጣል። መቀመጫው ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ዝቅ አድርገው። ተንሳፋፊ ጃኬት ሳትለብስ ደግሞ ውኃ እንዳትነካ።

ፒያሳ ነኝ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ሰፊው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው፤ ጠባቡ እግር ያስገባል። ሆዱን ግን ገልብጬ አላየሁም።

የአራት ኪሎዋ፦ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖር ረሳኸው?

ቀዛፊው፦ ሰፊውን ውሰድ። ከመክፈልህ በፊት በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለ እይ፤ ሆዱ ውስጥ ጥቂት ውኃ አፍስስና አገላብጠው፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ተወው።

አምባዛ፦ 11 ሰዓት አለፈ። ገዛኸው?

የጣና ልጅ፦ ጠባቡን ካልወሰደው የሻጩን ስልክ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።